ዳማከሴ ያልነበረችው አበባዬ

ባለፈው ቅዳሜ የአከራዬ ድመት አበባዬ ላይ ተኛባት። እንጅባራ ከተከራየኋት ክፍል በር ጎን፣ ከአጥሩ ሥር ባለችው ጠባብ መሬት ላይ የተከልኋት ናት። ከገበያ ስመለስ ድመቱ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይንከባለላል። ከግንዶቹ ግማሾቹ ተሰብረዋል። "ሂድ ከዚያ!" ማለት ሲገባኝ ዘንቢሌን እንደያዝሁ ቆምሁ። የተጨፈለቀው ቅጠል ሽታ ደርሶኝ ነበር። ናና ናና ይላል፤ ግን ናና አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይመራል። ያ ሽታ ሲመጣብኝ አሁንም ልቤ ይቸኩላል። መናገር ያለብኝን ነገር ሳልናገር የዘገየሁ ይመስለኛል።

ሽታውን ያወቅሁት አምስተኛ ክፍልን በጨረስሁበት ዓመት ነው። ቤታችን ዳንግላ ዳር ላይ፣ ከተማው አልቆ የድንች ማሳው ከሚጀምርበት ነው። አባቴ ጫግኒ እህል ይነግድ ስለነበር ሳምንቱን እዚያ ከርሞ ቅዳሜ ከሰዓት በአውቶቡስ ይመጣል። በቀሩት ቀናት እናቴና እኔ ብቻ ነን። ዝምተኛ ልጅ ነበርሁ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ "አቤት" ማለት እያቃተኝ እጄን ብቻ አወጣ ነበር። ሱቅ ስላክ የምገዛውን ነገር መንገዱን ሙሉ እየደጋገምሁ ሄጄ፣ ባለሱቁ "ምን ልስጥሽ?" ሲለኝ ይጠፋኛል። ሰው "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ" ይለኛል። ጨዋነት አልነበረም። ሳልናገረው የቀረሁት ነገር ሁሉ ውስጤ እንደ ጉንዳን ይመላለስ ነበር። ከአባቴ ጋር ብቻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የሳምንቱን ወሬ በአንድ ትንፋሽ አራግፈዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ አክስቴ ውድነሽ ልትጠይቀን መጣች። ባሕር ዳር አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ላይ ትሠራ ነበር። መናኸሪያ ልሸኛት ስሄድ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣች። ውስጡ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ የሚል ጥቁር ዘር ነበረ።

"ይቺ ቁመቷ አንቺን ታክላለች" አለችኝ። "ሰማያዊ ታብባለች። እንድትታይ ብቻ ናት፤ እንዳትቀምሻት። ድመት ግን ያብድላታል፤ ጠብቂያት እሺ?"

ስሟንም ነግራኝ ነበር። የፈረንጅ ስም ስለሆነ አውቶቡሱ ሳይነሳ ጠፋኝ። አክስቴ በመስኮት እያየችኝ "ስሟ ማን ነበር ያልሽኝ?" ብዬ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁ። አውቶቡሱ ሄደ። ያቺን አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን የዚያ ክረምት ነገር ሁሉ ሌላ በሆነ ነበር።

ዘሩን ከጓሮው ጥግ፣ ከጌሾው አጠገብ አፈሩን አለስልሼ ዘራሁት። ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ከእንቅልፌ ስነሳ ሄጄ አያለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወልቅ አያለሁ፤ እራት ሊቀርብ ሲል አያለሁ። እናቴ "ዘር እኮ ሰው ሲያፈጥበት ያፍራል። እንዳንቺው ነው፤ ተይው" ትለኝ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በቀለ። ሰኔ ላይ ጉልበቴ ደረሰ፣ ሐምሌ ላይ ወገቤን አለፈ። ግንዱ ክብ አልነበረም፤ በጣት ሲዳስሱት አራት ማዕዘን አለው። የዳንግላ ዝናብ መሬት ሲያስተኛት ቀርከሃ ሰንጥቄ ዙሪያዋን እየተከልሁ በክር አሰርኋት። ድመቶቹን ለመከላከል ከሥሯ እሾህ ደረደርሁ። አክስቴ እውነቷን ነበር። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ከአጥራችን ላይ ሆኖ ያያት ነበር።

የቸኮልሁት ለእንቁጣጣሽ ነው። በእኛ አገር በዋዜማው ልጃገረዶች ሜዳ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ። ሣሩን ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው በማግስቱ እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። እኔ በየዓመቱ ከመጨረሻ ሆኜ፣ ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። ዘንድሮ ግን በዚያ ሁሉ ቢጫ መካከል ማንም ያልያዘውን ሰማያዊ ይዤ ስመጣ "እሷ ትቅደም" ይሉኛል ብዬ አሰብሁ። እኔ መናገር ካቃተኝ አበባዬ ትናገርልኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ በረዶ ወረደ። የሰፈሩን ጎመን ቀዳደደው፤ በየጓሮው ያለውን ዳማከሴም ቅጠሉን አረገፈው። የእኔዋ በቤቱና በጌሾው መካከል ተከልላ ስለነበር ተረፈች። በማግስቱ እትዬ ጥሩዬ በአጥሩ ላይ ተጣሩ።

እትዬ ጥሩዬ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ ማለት ይቻላል፤ የሚለየን አንድ የቀርከሃ አጥር ነው። ከዘንገና በኩል ተድረው የመጡ ናቸው። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከልጃቸው ከብርቄ ጋር በአገውኛ ያወራሉ። ብርቄ ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ የተገኘች ናት። በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አስገብታ ፀጉሬን ትጎትተኛለች፤ እኔም ከአባቴ ሌላ ሳልፈራ የማወራው ከእሷ ጋር ነበር።

"ይታይሽ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ ራሴን ፈልጦ ሊገድለኝ ነው። ከዚያች ዳማከሴ አንድ እፍኝ አቀብዪኝ።"

"ዳማከሴ አይደለችም" ልል ነበር። ትልቅ ሰው አሞኛል እያለ እንዴት ይሆናል? ቀንጥቤ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱ።

"ወይ ጉድ! ይቺስ ከእኛዋ ትበልጣለች። ከየት አመጣሻት?"

"አክስቴ ናት… ከባሕር ዳር።"

"በይ እንግዲህ፣ ፍቱን ናት!"

በማግስቱ "ራሴን ለቀቀኝ" አሉ። ለምን እንደለቀቃቸው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ምች መታኝ የሚለው፣ ጉንፋን የያዘው፣ ከንፈሩ ያበጠው ሁሉ "የይታይሽ ዳማከሴ" እያለ ጫፍ ጫፏን ቀንጥቦ ይሄዳል። ዳማከሴ ደግሞ አይከለከልም። እናቴ "የከለከሉት ቅጠል ለባለቤቱም አይሠራ" ትላለች።

አንድ ቀን እንጀራ እየቆረስን "እማ፣ አክስቴ አበባ ናት ነው ያለችኝ እኮ" አልኋት።

"አፍንጫ የለሽም? ሽታዋ የመድኃኒት ነው" አለችኝ። "ውድነሽ አበባ ትለቅማለች እንጂ ሥር አታውቅ።"

ምናልባት እነሱ ያውቁ ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልሁ። ጫፏ በየቀኑ ስለሚቀነጠብ እምቡጥ ልትይዝ አልቻለችም፤ አንድም ሰው ስታብብ አላያትም። እኔ ብቻ ከጀርባ በኩል አንድ ግንድ መርጬ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኜ ደብቄአለሁ። ማንም በማያይበት ሰዓት ከረጢቱን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ እመልሳለሁ። ደግሞ ተመልሼ እገልጣለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ብርቄ ታመመች። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ከዚያ ትኩሳት። እትዬ ጥሩዬ ጠዋትና ማታ እየመጡ ቅጠል ይወስዳሉ፤ አሽተው ገላዋን ይቀቧታል፣ ጭማቂውን ያጠጧታል። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ እናቴ ቅጠሉን አስይዛ ላከችኝ። ብርቄ አልጋ ላይ ተኝታለች። ፀጉሬን አልጎተተችም። አላየችኝምም። ትንፋሿ የሮጠ ልጅ ትንፋሽ ነበር፤ አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ያንን አውቀው ነበር። በዚያው ዓመት አንዲት የጤና ሠራተኛ ትምህርት ቤታችን መጥታ፣ ደረቱ እንዲህ የሚሰረጉድ ሕፃን አንድ ቀንም ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ ብላናለች። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

"ጤና ጣቢያ…" አልሁ። ከዚያ ማለፍ አልቻልሁም።

"ምች መርፌ አይወድም፣ ልጄ" አሉኝ እትዬ ጥሩዬ፣ ቅጠሉን ከእጄ እየተቀበሉ። "ምች ላይ መርፌ ካረፈ ሕፃን አይተርፍም። መጀመሪያ ምቹ ይውጣላት። ይቺ ቅጠል እያለች ምን ያስፈራኛል?"

ቤት ስገባ መቀመጥ አቃተኝ። ቅጠሏ እያለች አይሄዱም ማለት ነው። ቅጠሏ ደግሞ ምንም አይደለችም፤ እንዳትቀምሻት ነው የተባልሁት፤ ምናልባትም መርዝ ናት። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ አባቴ ይመጣል፣ ለእሱ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይነግራቸዋል አልሁ። ከጓሮ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓሮ ተመላለስሁ። እናቴ "ምነው አንቺ ልጅ፣ ቁንጫ ገባሽ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ጀምሬ አስፋልቱ ዳር ቆምሁ። ዝናቡ ያባራል፣ ይመለሳል። የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ፤ አባቴ የለም። ሁለተኛውም መጣ። ሁለት ባጃጆች ጭቃ እየረጩ አለፉኝ። እናቴ ስልክ ብትሞክር ኔትወርክ የለም። አመሻሹ ላይ አንድ የሚያውቀን ሹፌር መኪናውን ቆም አድርጎ "አባትሽ እህል ሲጭን ዝናብ ያዘው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው" አለኝና ሄደ። ለሚቀጥለው ሳምንት! የምነግረው ነገር ለሚቀጥለው ሳምንት የሚቆይ አልነበረም። ወደ ቤት ስመለስ የብርቄ ሳል በአጥሩ ውስጥ ይሰማኛል፤ ቀጭን ነበር፣ የደከመ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ሳር የምናጭድበትን ማጭድ ይዤ ወደ ጓሮ ገባሁ። እሾሁን በእግሬ ገፋሁ። ክሩን በጠስሁ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ ከመሬት በላይ አራት ጣት ያህል ብቻ እያስቀረሁ አጨድኋት። በመጨረሻ ከረጢቱን አነሳሁ። የደበቅሁት ግንድ ጫፉ ላይ ሦስት አራት እምቡጦች ነበሩት፤ አንዱ ከፈት ብሎ ሰማያዊ ጥርስ የመሰለ ነገር አሳይቷል። እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ዓይኔን ጨፍኜ እሱንም ቆረጥሁት። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቤ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት፤ ማንም ለቅሞ እንዳይወስደው።

እጄ ገና ሽታውን እንደያዘ እትዬ ጥሩዬ ብርቄን በአንቀልባ አዝለው በጓሮ በር ገቡ። ቦታውን አዩት። እኔን አዩኝ። ማጭዱን አዩት።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ዳማከሴ አይደለችም" አልሁ። በመጨረሻ ወጣ። "አበባ ናት፣ እትዬ። አበባ ብቻ ናት። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።"

ድምፄ ምን ያህል እንደተሰማ አላውቅም። የሰሙት ሌላ ነገር ነበር። "ልጄ እያጣጣረች መድኃኒት ትከለክዪኛለሽ?" አሉ። "ለአበባ ብለሽ? እኔ እኮ ጨዋ ልጅ እያልሁ ነው የኖርሁት!" የቀረውን በአገውኛ ተናገሩት፤ ባይገባኝም ገባኝ። ዞር ብለው እንዳይሄዱ እግራቸውን ብይዝ እወድ ነበር። ግን ሄዱ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ነጠላቸውን ደርበው፣ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተቱ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። አንድ ባጃጅ ቆመላቸው። ሌላ የሚሄዱበት ስላልነበረ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ።

እናቴ ስትመለስ መታችኝ። ከምቱ ይልቅ "በሰው ፊት ምን ብዬ ልቁም?" ብላ ማልቀሷ ከበደኝ። ብርቄ አምስት ቀን ተኝታ ታከመች። መርፌ ተወጋች፤ አልሞተችም። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሏቸው ኖሮ፣ እትዬ ጥሩዬ ለሰፈሩ "ምች ነው አላልሁም? ያው ነው እኮ!" እያሉ ይናገሩ ነበር። እኛን ግን አያናግሩንም። የአጥሩን ቀዳዳ በጭራሮ ደፈኑት። እንቁጣጣሽ መጣ፤ ልጆቹ እየዘፈኑ በደጃችን አለፉ፤ እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ። አባቴ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ "ልሂድና ልንገራቸው?" አለኝ። "አይሆንም" አልሁት። እኔ ነግሬአቸው ያልሰሙትን ሌላ ሰው ቢደግምላቸው የባሰ የሚያስቆጣቸው ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጓሮው መሄድ ተውሁ። ያን ያህል ስመላለስበት የነበረውን ቦታ እንዳላይ በሌላ በኩል እዞር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያየኋት እኔ አይደለሁም። ጥቅምት ውስጥ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ ጠዋት እናቴ "ይታይሽ! ነይማ!" ብላ ጠራችኝ። ከቆረጥሁት ጉቶ ብዙ፣ ከበፊቱ በእጥፍ የሚበዛ ግንድ ወጥቶ፣ ትከሻዬን አልፎ፣ ከታች እስከ ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። ንብ አካባቢውን ሞልቶታል። ማንም ስላልቀነጠባት የልቧን አድጋለች። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። "እውነትም አበባ" አለች ቀስ ብላ።

ሳምንት ሳይሞላ የአጥሩ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ። ትንሽ እጅ ብቅ አለ። ከእጁ በላይ የእትዬ ጥሩዬ ፊት ነበረ። አበባዋን አተኩረው አዩዋት፤ ከላይ እስከ ታች።

"ዳማከሴ እንዲህ አያብብም" አሉ።

"አያብብም" አልሁ።

"ይሄንን ነው ያልሽኝ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ብርቄን አንስተው በአጥሩ ላይ አሳልፈው ሰጡኝ። "በይ ያዥልኝ፤ ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ" ብለው ተመለሱ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልተባባልንም። ብርቄ አንድ እጇን ፀጉሬ ውስጥ አስገብታ፣ በሌላው አንድ ዛላ ሰማያዊ አበባ ጎትታ በጠሰች። አልከለከልኋትም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስሟን አገኘሁት፤ ኔፔታ ትባላለች። ከናናና ከዳማከሴ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናት፤ ሰፈሬ በሽታዋ መታለሉ ያን ያህል አይገርምም። መርዝም አይደለችም። ያን ሁሉ ቀን የፈራሁት ቅጠሏን ነበር፤ የሚያስፈራው ግን እሷ ታድናለች እያሉ ሲጠብቁ የሚያልፈው ጊዜ ነበር። ዳንግላ ዛሬ በእኛና በእትዬ ጥሩዬ መካከል የብሎኬት አጥር ቆሟል፤ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። ብርቄ እኔ ያኔ የነበርሁበትን ዕድሜ አልፋለች፤ ወሬኛ ናት፣ ስልክ ስትደውልልኝ የምናገርበት ቦታ አትተውልኝም። እኔ አሁንም መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ። የልጅነቴን ያህል ግን ዘግቼ አልቆይም።

ቅዳሜ ዕለት ድመቱ ከሄደ በኋላ ማጭድ ከአከራዬ ተውሼ ከተሰበሩት ግንዶች ፊት ተቀመጥሁ። ዝቅ ተደርጋ ብትቆረጥ በእጥፍ ታድጋለች፤ አውቃለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ምንም አላውቅም ነበር። ለዘላለም የማጠፋት መስሎኝ ነው ዓይኔን ጨፍኜ አንዴ የጣልኋት። አሁን ሁሉንም አውቄ፣ ማጭዱን ይዤ፣ አከራዬ "ምነው፣ አልቆረጥሽውም እንዴ?" እስኪሉኝ ድረስ ተቀምጬ ነበር።

"አሁን" አልኋቸው። እጄ ግን ያኔ ዓይኗን ጨፍና የቆረጠችውን የዚያችን ልጅ እጅ ትጠብቅ ነበር።